አዲስ መንጋ ቀፎ ውስጥ አልቀመጥ አለኝ፣ ምን ይሻላል?

ጀማሪዋ፦
ሰላም ናችሁ ወገኖች። ንብ ማነብ ገና መጀመሬ ነው። ዛፍ ላይ ያረፈ መንጋ አውርጄ አዲስ ቀፎ ውስጥ ከተትኩት። ቀፎው ንጹህ ነው፣ ቀለም የተቀባውም በቅርቡ ነው፣ ፍሬሞቹ (ንቦቹ የሚሠሩባቸው የእንጨት ማዕቀፎች) ላይ የሰም ንጣፍ ገጥሜያለሁ። መጀመሪያ ሰተት ብለው ገቡ። በማግስቱ ግን ግማሾቹ ወጥተው የቀፎው ፊት ላይ ተንጠለጠሉ። ከሰዓት በኋላ ጠቅልለው ነጎዱ፣ ባዶ ቀፎ ታቅፌ ቀረሁ። አሁን ሌላ መንጋ የሚሰጠኝ ሰው አግኝቻለሁ። ከሱ ውጪ ደግሞ ንግሥት፣ እጭና ንብ ያለበት ባለ 5 ፍሬም ኅብረ ንብ ልገዛ ነው። እነዚህም ጥለውኝ እንዳይሄዱ ምን ላድርግ? ስኳር ልስጣቸው? በየቀኑ ከፍቼ ልያቸው?

ባለማጨሻው፦
አይዞሽ እህቴ፣ የጠሉት አንቺን ሳይሆን ቤቱን ነው። ትኩስ ቀለም ለኛም አፍንጫ ይከብዳል። መንጋ የሚወደው ንብ የኖረበትን ቀፎ ነው፣ ሰምና ፕሮፖሊስ (ንቦች ከዛፍ ሙጫ የሚሠሩት ማጣበቂያ) የሚሸተውን። ስለዚህ ሽታው እስኪጠፋ ክዳኑን ከፍተሽ አናፍሺው፣ ከዚያ ትንሽ ሰም አቅልጠሽ ውስጡን ቀቢው። አሮጌ ባዶ እንጀራ (ንቦች በሰም የሠሩት ባለ ቀዳዳ ቤት) ካገኘሽ ደግሞ አንድ ፍሬም ጨምሪበት፣ ብል ያልበላው ይሁን ብቻ።

ሁለተኛው ሙቀት ነው። ፊት ለፊት መንጠልጠላቸው ብዙ ጊዜ ውስጡ ታፍኗል ማለት ነው። የቀትር ፀሐይ የማያገኘው ቦታ አስቀምጪው።

ከሁሉም በላይ ግን የሚያስቀምጣቸው እጭ ነው። ገና በሰም ያልታሸገ እጭ ያለበት አንድ ፍሬም ከጤነኛ ቀፎ ወስደሽ መሃል ላይ ክተቺ። ፍሬሙን ዘንበል አድርገሽ ብርሃን ብታስገቢበት እያንዳንዱ ቀዳዳ ሥር ነጭ፣ ጥምዝ ብሎ የተኛ ትል ታያለሽ፣ እሱ ነው። ሠራተኛ ንብ የምትመግበውን ልጅ ጥላ መሄድ በጣም ይከብዳታል። የእጩ የሰም ክዳን የሰመጠ፣ የተበሳ ወይም የሚገማ ፍሬም ካየሽ ግን በነጻ ቢሰጡሽም አትንኪው፣ በሽታ ይዘሽ ትገቢያለሽ።

ሰዓቱም ወሳኝ ነው። ማስገባት ወደ ማታ ነው፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ። ያን ጊዜ ርቀው ለመብረር አይነሱም። መንጋው ያረፈበት ዛፍ ሥርም ቀፎውን አታሳድሪው። ቤት ፈላጊዎቹ ንቦች ሌላ ጉድጓድ አይተው ተስማምተው ሊሆን ስለሚችል፣ እዚያው ካሳደርሻቸው ጠዋት ተነስተው ይሄዱልሻል።

የሰም ሽታ፦
እኔ ደግሞ ስለ ስኳሩ። ስጪያቸው እንጂ። መንጋ ሆዱን ማር ሞልቶ ነው የሚወጣው፣ ግን እሱ የጥቂት ቀን ስንቅ ነው። እንጀራ መሥራት ብዙ ጉልበት ይበላል። ስኳርና ውኃ እኩል በክብደት፣ ለብ ባለ ውኃ በጥብጠሽ፣ ማታ ማታ ቀፎው ውስጥ አድርጊላቸው። ውጪ እንዳታፈሺ! የጎረቤት ንብ ከሸተተው ዘረፋ ይነሳል፣ ገና ያልጠና መንጋ ደግሞ አይቋቋመውም። በሩን ጣት ወይም ሁለት ጣት እስኪያስገባ ድረስ አጥብቢው፣ ዘበኞቹ እንዲችሉት። መተንፈሻ ግን ከላይ ተይላቸው።

ባለማጨሻው፦
የሰም ሽታ፣ በዚህች እንኳ አልስማማም። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ መንጋ ከሆነ ሁለት ሦስት ቀን ሳልመግበው እቆያለሁ። ሆዱ ውስጥ ይዞት የመጣው ማር በሽታ ሊኖርበት ይችላል፣ እንጀራ ሲሠራበት ያልቃል። ወዲያው ስኳር ከሰጠሽው ግን ያንን ማር ወስዶ ያከማቸዋል። ዝናብ ከጣለ ወይም አበባ ከሌለ ግን አትጠብቂ፣ በረሃብ ከሚያልቁ መመገብ ይሻላል።

አያ ቀፎ፦
ሁለታችሁም ጥሩ ብላችኋል፣ እኔ መክፈቱ ላይ ልምጣ። ሰው መንጋ ካስገባ በኋላ እጁ ያሳክከዋል፣ ልየው ልየው ይላል። ተዪያቸው! በየቀኑ ክዳን ሲነሳና ጭስ ሲገባ ቤቱ ቤት አይሆንም። የውስጡን ወሬ በሩ ላይ ታገኚዋለሽ። ገና ሲገቡ አንዳንዶቹ በሩ ላይ ቆመው፣ ጭራቸውን ወደ ላይ ቀስረው፣ ክንፋቸውን ሲያርገበግቡ ካየሽ ንግሥቲቱ ውስጥ ናት ማለት ነው፣ ሽታ እየለቀቁ የቀሩትን እየጠሩ ነው። ተመልሰው ቅርንጫፉ ላይ ከተከመሩ ግን ንግሥቲቱ እዚያው ቀርታለች፣ እንደገና አውርጂ። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ጽጌ (የአበባ ብናኝ) በእግራቸው ይዘው ሲገቡ ማየት ደስ የሚል ምልክት ነው።

ከሳምንት በኋላ አንዴ ክፈቺና እንቁላል ፈልጊ። ቀዳዳው ወለል ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ነጭ፣ ስስ ነገር ነው፣ ፀሐይን ከጀርባሽ ካላደረግሽ አይታይሽም። ካጣሽው አትደንግጪ። ትንሽ መንጋ ከሆነ ንግሥቲቱ ድንግል ልትሆን ትችላለች። ወጥታ ከድንጉላ (ወንድ ንብ) ጋር ተገናኝታ እንቁላል እስክትጥል ሁለት ሦስት ሳምንት ሊወስድ ይችላል። ለዚህ ነው ንግሥቲቱ እንዳትወጣ ማገጃ ወንፊት በሩ ላይ አድርጊ የሚለውን የአንዳንዶች ምክር የማልወደው። የተገናኘች ንግሥት ከሆነች ለጥቂት ቀን ይሠራል፣ ድንግል ከሆነች ግን አስረሽ አበላሸሻት፣ ድንጉላዎቹም እዚያው ተወትፈው ይሞታሉ።

አንድ ሌላ ነገር። መጀመሪያ ላይ ንቡ ይቀንሳል። እንቁላል ከተጣለ በ3 ቀን ይፈለፈላል፣ እጩ በ9ኛው ቀን ገደማ ይታሸጋል፣ ሠራተኛ ንብ ሆኖ የሚወጣው በ21ኛው ቀን ነው። እስከዚያ አሮጌዎቹ ይሞታሉ፣ የሚተካ የለም። "ንቤ አለቀ" ብለሽ ሌላ ነገር እንዳትነካኪ።

ጀማሪዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እጭ ያለበት ፍሬም ከየት ላምጣ? ሌላ ቀፎ የለኝም። የምገዛውን ኅብረ ንብስ እንዴት ነው የማስገባው?

የሰም ሽታ፦
እሱ እንኳ ቀላል ነው፣ ቤቱን ከነልጁ ይዞ ነው የሚመጣው። ማታ በሩን ወንፊት አድርገሽ አጓጉዢው፣ ቀፎው በሚቆምበት ቦታ ላይ አስቀምጪና ክፈቺው፣ ወጣ ወጣ ብለው አካባቢውን ይልመዱት። በማግስቱ ወይም በሰልስቱ ትንሽ ጭስ ሰጥተሽ ፍሬሞቹን ወደ ቀፎው አዛውሪ። ቅደም ተከተላቸውን አትቀይሪ! እጭ ያለባቸው መሃል፣ ማር ያለባቸው ዳር፣ ጎን ለጎን ተጠጋግተው። መሃላቸው ባዶ ፍሬም ከሰነቀርሽ እጩን ማሞቅ ያቅታቸዋል። የምትገዢው ከቅርብ ሰው ከሆነ ደግሞ ርቀቱን ጠይቂ። 3 ኪሎ ሜትር እንኳ ካልራቀ አሮጌዎቹ ንቦች ወደ ድሮ ቦታቸው ይመለሳሉ።

አያ ቀፎ፦
እንግዲያው ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሁን ልጄ። ኅብረ ንቡን መጀመሪያ አስገቢ። ጠንክሮ ፍሬሞቹን ሞልቶ ሲመጣ መንጋውን ተቀበዪ፣ ያን ጊዜ አንድ የእጭ ፍሬም ከሱ ታወጪያለሽ። ንግሥቲቱ ፍሬሙ ላይ አለመኖሯን ሳታረጋግጪ ግን እንዳትወስጂ፣ ንቦቹን እዚያው አራግፊያቸው። የቀፎውን መቆሚያ ደግሞ ከግራ ቀኝ በደንብ አስተካክዪ፣ እንጀራ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ነው የሚሠራው፣ ቀፎው ካዘመመ ከፍሬም ፍሬም ያያይዙታል። እግሮቹን ዘይት ያለበት ቆርቆሮ ውስጥ አቁሚ። ጉንዳን ሌሊት ከገባ እጭ አለ የለ ሳይሉ ነው የሚኮበልሉት።