ክርክር፦ ልጅ አልበላም ሲል እናስገድደው ወይስ እንተወው?

ጠያቂዋ፦ ልጄ ሁለት ዓመት ተኩል ሆኗታል። ምግብ ሲቀርብ ለቅሶ ይጀመራል። ሳህኑን ትገፋለች፣ መሬት ላይ ትንከባለላለች። ባለቤቴ «ሳትጨርሺ አትነሺም» ይላታል። እኔ ስልክ ከፍቼ አበላታለሁ። ማን ነው ልክ?

የሦስት ልጆች አባት፦ እህቴ፣ ባለቤትሽ ልክ ነው። ዛሬ እሺ ካልሻት ነገ ቤቱን የምታዘው እሷ ናት። እኛ ቤት ሳህን ሳያልቅ ጨዋታ የለም።

የሕፃናት ነርስ፦ ወንድሜ፣ ሥርዓት ያስፈልጋል፤ በዚህ አንጣላም። ግን ምን ያህል እንደጠገበች አንተ ልታውቅላት አትችልም። ሕፃን በመጀመሪያው ዓመት ክብደቱ ሦስት እጥፍ ያህል ይሆናል። በሁለተኛው ዓመት የሚጨምረው ከ2 እስከ 3 ኪሎ ገደማ ነው። እድገቱ ሲረጋ የምግብ ፍላጎቱም ይቀንሳል። ወላጅ ግን «መብላት አቆመ» ብሎ ይደነግጣል፣ ማንኪያ ይዞ ማባረር ይጀምራል። ኤሊን ሳተር የተባለች የሥነ ምግብ ባለሙያ ሥራውን ለሁለት ትከፍለዋለች፦ ምን፣ መቼና የት እንደሚበላ ወላጅ ይወስናል። መብላት አለመብላቱንና መጠኑን ልጁ።

የሦስት ልጆች አባት፦ ምንም ባትቀምስስ? ባዶ ሆዷን ትዋል?

የሕፃናት ነርስ፦ ከሁለት ሦስት ሰዓት በኋላ መክሰስ አለ። እስከዚያ ውኃ ብቻ። ብዙ ጊዜ አልበላም የሚል ልጅ ወተትና ጭማቂ ሲጠጣ የዋለ ነው። በዚህ ዕድሜ በቀን ግማሽ ሊትር ያህል ወተት ይበቃል። ከዚያ ሲበዛ የምግብ ፍላጎት ይዘጋል፤ ለብረት እጥረትም ያጋልጣል።

ሠራተኛ እናት፦ ስልኩን አትንኩብን! ማታ ደክሞኝ ስገባ ሌላ ምን አቅም አለኝ?

የሕፃናት ነርስ፦ ድካምሽ ይገባኛል። ግን ስልክ ላይ ያፈጠጠ ልጅ አፉን ይከፍታል እንጂ መጥገቡን አያዳምጥም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉ ልጆች ስክሪን በቀን ከ1 ሰዓት እንዳይበልጥ ይመክራል። ያንን ሰዓት ከምግብ ውጪ አድርጊው።

ጠያቂዋ፦ እሺ፣ ለቅሶው ሲነሳስ?

የሕፃናት ነርስ፦ እባክሽ፣ የሚያለቅስ ልጅ አፍ ውስጥ ምግብ አትክተቺ። ትን ይላታል። ሳህኑን ፈቀቅ አድርጊ። አጠገቧ ዝቅ ብለሽ ቁጭ በይ። «ተናደድሽ አይደል?» በያትና ዝም በይ። በጩኸት መሃል ምክር አይሰማም። ለቅሶው ሁሌ ማታ ከሆነ እንቅልፍ ይሆናል፤ እራቱን ቀደም አድርጊው። አዲስ ምግብ ሲኖር ከምትወደው ጎን ትንሽ አስቀምጪ። እስከ አሥር ጊዜና ከዚያም በላይ አይታ እምቢ ልትል ትችላለች፤ ተስፋ አትቁረጪ። ክብደቷ ከቀነሰ ወይም ስትውጥ የሚያስቸግራት ከሆነ ግን ሳትውይ ሳታድሪ ሐኪም ያያት።

የሦስት ልጆች አባት፦ መጨረሱን ልተው እሺ። ከቤተሰብ ጋር አብሮ መቀመጡን ግን አልተውም።

የሕፃናት ነርስ፦ አትተው። ለዚህ ዕድሜ 20 ደቂቃ ይበቃል፤ ከዚያ ትነሳ።