ጎርፍ ላበላሸው የከብት መኖ እርዳታ የሚጠየቀው የት ነው?

የጉማራ ዳሯ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ፎገራ ሜዳ ላይ ነው፤ ጉማራ ወንዝ ጣና ከመግባቱ በፊት በሚያልፍበት በኩል። ነሐሴ ላይ ወንዙ ገንፍሎ ወጣ። ክረምት በመጣ ቁጥር ውሃ ማየት ለእኛ አዲስ አይደለም። የዘንድሮው ግን ቶሎ አልሸሸም። ሰው በደህና ወጥቷል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ከብቶቹንም ዳገት ላይ ካሉ ዘመዶች ጋ አሻግረን ነበር። ማሻገር ያልቻልነው ገለባውን ነው።

የሩዝ ገለባ ክምራችን ከሥሩ ውሃ ጠጣ። ከላይ ሲያዩት ደረቅ ነው። እጅ ሲያስገቡበት ግን ይሞቃል፣ ይሸታል። ግጦሹ ደለል ለብሷል። ውሃው ሲሸሽ ቀድሞ ብቅ ያለው አሜኬላ ነው፤ እሾሁን ደግሞ ከብት አይደፍረውም። የቆመው ሩዝም ገሚሱ ጭቃ ውስጥ ተኝቷል። ስለዚህ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የምንጠብቀው አዲስ ገለባ ትንሽ ነው የሚሆነው።

ከጎርፉ በኋላ መዝጋቢዎች መጥተው ነበር። የቤተሰብ ብዛት፣ የፈረሰ ቤት፣ ውሃ የበላው ማሳ ተጻፈ። እህልና ዘይት መጣ፤ ለእኔም ደርሶኛል፤ አመሰግናለሁ። ስለ ከብት ግን የጠየቀን የለም። እኔው ራሴ «ከብቶቹስ?» ብዬ ጠየቅኩ። «የሞተ ካለ እንመዘግባለን» አሉኝ። የእኔ አልሞቱም። ተርበዋል እንጂ።

ሁለት ላሞች፣ አንዲት ጊደርና አንድ በሬ አሉኝ። አንደኛዋ ላም ሐምሌ ላይ ነው የወለደችው። ወተቷ አሁን ለጥጃው እንኳ አልበቃ ብሏል። ለልጆቼ ደብተርና ልብስ የምገዛው ከወተቱ ነበር። ነጋዴዎች በየቤቱ እየዞሩ ነው፤ ከብቱ መክሳቱን ስለሚያዩ የሚጠሩት ዋጋ ያሳዝናል። ላሞቼ የፎገራ ዘር ናቸው። ረግረጉን የለመደ፣ ከዚህ መሬት ጋር የተስማማ ዘር ነው። ንጹሑ ዘር እየተመናመነ ስለሆነ አንዴ ከሸጥኳቸው የሚተካቸው አላገኝም።

የመኖ እርዳታ የሚባል ነገር ካለ የሚጠየቀው የት ነው? ማን ፊርማ ያደርግበታል? ሌላው፣ ውሃ የነካው ገለባ ይበላል ወይስ ይጣል? ጎረቤቶቼ እንቦጭ ከሐይቁ እያወጡ መስጠት ጀምረዋል፤ እሱስ ጉዳት የለውም?

ጡረተኛው የእንስሳት እርባታ ባለሙያ፦

እህቴ፣ አይዞሽ። ጥያቄሽ ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው የሚጠይቀው ደግሞ ከረፈደ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ምዝገባ ነፍስ ለማዳን ነው የሚካሄደው። መጠለያ፣ ምግብ፣ ንጹሕ ውሃ፣ መድኃኒት ይቀድማል፤ መቅደምም አለበት። ችግሩ ሁለተኛው ምዝገባ ብዙ ጊዜ ሳይመጣ መቅረቱ ነው። የመኖ ጥያቄ ከታች ተጽፎ ካልወጣ ከላይ የሚያስታውሰው የለም። የሞተ ከብት መኖ አይበላም። መቆጠር ያለበት በሕይወት ያለው ነው። ይሄንን ሥራ ላይ እያለሁም ስናገር ነበር፤ አሁንም እናገራለሁ።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት ፎገራና ሊቦ ከምከም በውሃ ሲዋጡ ሥራ ላይ ነበርኩ። በዚያው ክረምት ድሬዳዋ በጎርፍ ተመታች። ደቡብ ኦሞ ላይም የኦሞ ወንዝ ሞልቶ ከ360 በላይ ሰው ወሰደ፤ ወደ 3,000 የሚጠጋ ከብትም አለቀ። የአገሩ ሁሉ ዓይን የሰው ሕይወት ላይ ነበር። በእኛ በኩል ግን እኔ ያየሁት ከብት በብዛት የተጎዳው ውሃው በመጣበት ሳምንት አይደለም። ከዚያ በኋላ ባሉት ወራት፣ ሰው ሁሉ «አለፈ» ብሎ በተቀመጠበት ጊዜ ነው።

አሁን ወደ መንገዱ ልግባ። ብቻሽን አትሂጂ። የጎጣችሁን ሰዎች ሰብስባችሁ አንድ ማመልከቻ ጻፉ። በቀበሌያችሁ የእንስሳት ልማት ሠራተኛ አለ አይደል? መጀመሪያ እሱ አይቶ ያረጋግጥ፤ ቀበሌው ማኅተም ያድርግበት። ከዚያ ወደ ወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ይሄዳል፤ እንስሳቱን የሚመለከተውን ክፍል እዚያ ጠይቁ። ግልባጩን በዚያው ቀን ለወረዳው አደጋ መከላከልና ምግብ ዋስትና ስጡ። ግልባጩን አትርሱ። ግብርናው የመኖውን ጉዳይ ያውቃል፤ እርዳታ የሚጠይቀውና የሚያጓጉዘው ግን ሌላው ነው። ሁለቱ ካልተነጋገሩ ወረቀቱ አንዱ ጠረጴዛ ላይ ይቀራል። ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልሉ ኮሚሽን፣ ከክልሉ አቅም በላይ ሲሆን ደግሞ ወደ ኢትዮጵያ አደጋ ስጋት አመራር ኮሚሽን ይወጣል።

የመኸሩን ዳሰሳ እንጠብቅ የሚላችሁ ካለ አትስሙት። መደበኛው የፍላጎት ዳሰሳ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከበልግና ከመኸር በኋላ ነው የሚካሄደው። የነሐሴ ጎርፍ ሁለቱ መሃል ላይ ነው የወደቀው። ለእንዲህ ዓይነቱ ድንገተኛ አደጋ ፈጣን ዳሰሳ ይጠየቃል። ማመልከቻው ላይ «ፈጣን ዳሰሳ እንዲደረግልን» የሚል ቃል ይግባበት።

ማመልከቻው ላይ ለቅሶ ሳይሆን ቁጥር አስቀምጡ። ጥገት ላም ይህን ያህል፣ እርጉዝ ላም ይህን ያህል፣ ጊደር፣ የእርሻ በሬ፣ ጥጃ፣ በግ። 250 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ከብት በቀን ወደ 6 ኪሎ ደረቅ መኖ ይፈልጋል። የአንቺ አራቱ በቀን ወደ 25 ኪሎ ማለት ነው፤ በወር 7 ኩንታል ተኩል። የጎጡን ሁሉ እንዲህ አስሉት። ስንት ኩንታል ገለባ እንደጠፋ፣ ስንቱ እንደተረፈ፣ እስከ መቼ እንደሚያደርስ ጻፉ። ፎቶ በስልክ አንሱ፤ ክምሩንም ግጦሹንም።

ምን እንደምትጠይቁም እወቁ። ብዙ ሰው «ድርቆሽ ላኩልን» ይላል። ድርቆሽ ቦታ ይበላል፤ አንድ መኪና ሙሉ መጥቶ ለጥቂት ቀን ነው። የተረፈ ገለባ ካላችሁ ፋጉሎ (ዘይት ከተጨመቀ በኋላ የሚቀረውን)፣ ፉርሽካና ሞላሰስ (የስኳር ተረፈ ምርት) ጠይቁ። የሩዝ ገለባ ሆድ ይሞላል እንጂ ፕሮቲኑ ከ5 በመቶ ብዙም አያልፍም። የኑግ ፋጉሎ ወደ 30 በመቶ ይደርሳል። ለአንዲት ላም በቀን 1 ኪሎ ፋጉሎ ከገለባ ጋር ብታገኝ ክፉውን ጊዜ ታልፍበታለች። ሲጀመር ግን በጥቂቱ፤ የተራበ ከብት ድንገት ብዙ ፋጉሎና ፉርሽካ ከበላ ሆዱ ይታወካል፣ ሊሞትም ይችላል።

የሚመጣው ለሁሉም ካልበቃ ደግሞ ቅድሚያው ለማን እንደሆነ ራሳችሁ አስቀድማችሁ ተስማሙ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ጥገትና እርጉዝ ላም፣ ቀጥሎ ጊደር፣ ከዚያ የእርሻ በሬ። ለሁሉም እኩል እፍኝ እፍኝ ማካፈል ፍትሕ ይመስላል፤ ግን አንድም ከብት አያድንም።

የእንስሳት ሐኪሟ፦

ስለ ገለባው እኔ ልመልስ። ዛሬውኑ ክምሩን ክፈቺው። እርጥብ ገለባ ታፍኖ ሲቆይ ውስጡ ይግላል፤ ራሱን በራሱ ሊያቃጥልም ይችላል። ደረቁን ለብቻ፣ እርጥብ ሆኖ ያልሸተተውን ለብቻ አድርጊ። ሁለተኛውን ፀሐይ ላይ በስሱ አስጪውና ከመሬት ከፍ ባለ ቆጥ ላይ አስቀምጪው።

የሻገተው ግን አይበላም። እባክሽን በዚህ አትደራደሪ። አንዳንዱ ሻጋታ መርዝ አለው። እርጉዝ ላም ሊያስጨነግፍ ይችላል፤ አፍላቶክሲን የሚባለው ደግሞ በወተት በኩል ወደ ልጆችሽ ይተላለፋል። ለብስባሽ ማዳበሪያ አድርጊው።

የተረፈውን ደረቅ ገለባ መኖነቱ እንዲሻሻል በዩሪያ (በማዳበሪያው) ማከም ትችያለሽ። 5 ኪሎ ዩሪያ በ100 ሊትር ውሃ ይሟሟል፤ ያ ለ100 ኪሎ ደረቅ ገለባ ይበቃል። እየደረደሩ እኩል ማርከፍከፍ፣ እየረገጡ ማጠቅጠቅ፣ አየር እንዳያስገባ በፕላስቲክ መሸፈን፣ ከዚያ 21 ቀን መተው። የምትደረድሪበትን ጉድጓድ ሜዳው ላይ እንዳትቆፍሪ፤ ውሃ ይገባበታል። ሲከፈት ሽታው ዓይን ያቃጥላል፤ ከመመገቡ በፊት አንድ ሌሊት ይናፈስ። ከ6 ወር በታች ላለ ጥጃ፣ ለአህያና ለፈረስ አይሰጥም። ዩሪያው ሳይሟሟ ወይም በግምት በዝቶ ከገባ ይገድላል። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሠሪው የልማት ሠራተኛው አጠገብሽ ይቁም።

እንቦጭ ከ90 በመቶ በላይ ውሃ ነው። ላሟ ሆዷ ተነፍቶ ትውላለች እንጂ አልጠገበችም። መስጠት ግድ ከሆነ ሥሩ ተቆርጦ፣ ታጥቦ፣ ጠውልጎ፣ ከገለባ ጋር በጥቂቱ ይሁን። እኔን የበለጠ የሚያስፈራኝ ከብቱ ውሃው ዳር ሲግጥ የሚያገኘው የጉበት ትል ነው። ቀንድ አውጣው ያለበት ረግረግ ላይ ያለ ሣር ሁሉ ያጠራጥራል። በሽታው ወዲያው አይታይም፤ ከወራት በኋላ መንጋጋ ሥር እብጠት፣ መክሳት፣ የወተት መድረቅ ሆኖ ይመጣል። ያኔ «መኖ አጣች» ይባላል። ስለዚህ ማመልከቻችሁ ላይ የትል መድኃኒትም ጨምሩበት።

ጎርፍ አፈሩን ስለሚገለብጠው አባ ሰንጋና አባ ጎርባ የሚባሉት የከብት በሽታዎችም ይነሳሉ። ክትባት ጠይቁ። ድንገት ሞቶ ከአፍንጫውና ከኋላው ደም የሚፈሰው ከብት ካጋጠማችሁ አትበልቱት፣ ቆዳውን አትግፈፉ፣ ሥጋውን አትንኩ። ለጤና ጣቢያውም ለእንስሳት ክሊኒኩም ተናገሩ።

ከኦሞራቴ፦

እኛ አርብቶ አደሮች ነን፤ ዳሰነች። የኦሞ ወንዝ የግጦሽ መሬታችንን ውጦ ብዙ ከብት አልቆብናል፤ ስለዚህ የምትይው ይገባኛል እህቴ። አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ለእኛ መኖ መጥቶ ነበር። የሚራገፍበት ደረቅ ቦታ ግን አስቀድሞ አልተዘጋጀም። ሜዳ ላይ ተራገፈ፤ ዝናብ መታው፤ ግማሹ ሳይበላ ተበላሸ። በጣም ያንገበግባል። እናንተ መኪና የሚደርስበትን ከፍ ያለ ቦታ አሁኑኑ ምረጡ። ትምህርት ቤትም ይሁን የማኅበር መጋዘን፣ ቁልፉን የሚይዘውን ሰውም ወስኑ። ማመልከቻው ላይ ቦታው በስም ይጻፍ።

የጉማራ ዳሯ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ጋሼ፣ ያሉኝን አድርገናል። የጎጡ ሰው ተሰብስቦ ከብቱን በዓይነት በዓይነት ጻፍን። ልማት ሠራተኛው ክምሮቹን ዞሮ አይቶ ፈረመልን። በወረዳ ሁለቱም ቢሮ ተቀብለውናል፤ ግልባጩ ላይ ቀንና ማኅተም አስደርገናል። አንዱ ኃላፊ «እስካሁን በከብት ዓይነት ለይቶ ያመጣልን ቀበሌ የለም» ብሎናል። ለመጋዘን የኅብረት ሥራ ማኅበሩ አንድ ክፍል ሊለቅልን ተስማማ።

ክምሩን ስከፍተው ከግማሽ በላይ ሻግቷል። አልቅሼ ጣልኩት። የተረፈው ግን ደህና ነው።

አሁን የጨነቀኝ መኖው እስኪመጣ ያለው ጊዜ ነው። አንድ ከብት ልሽጥ ብል የቱን? ባለቤቴ በሬውን ይላል። የከብት መድን የሚባል ነገርም ሰምቻለሁ፤ እኛ ጋ አለ ወይ?

ጡረተኛው የእንስሳት እርባታ ባለሙያ፦

ደግ አደረጋችሁ እህቴ። ዓይነት ለይታችሁ መጻፋችሁ ብዙ ይረዳችኋል።

በሬውን አትሽጡ። አንድ በሬ ያለው ሰው በመቀናጆ እንደሚያርስ ታውቂያለሽ። የእናንተ በሬ ከሄደ የጎረቤትሽም በሬ ሥራ ፈታ፤ ሁለት ቤት ነው የሚጎዳው። በዚያ ላይ መሬቱ እርጥበቱን ሳይለቅ ጓያና ሽምብራ መዝራት አለባችሁ። ሩዙ የወሰደባችሁን በከፊል የሚመልሰው ያ ነው። የጓያውና የሽምብራው ገለባም ከሩዝ ገለባ የተሻለ መኖ ነው። ላሞቹንና ጊደሯንም አትንኪ። በግ ወይም ወይፈን ያለው ዘመድ ካላችሁ ያ ይሸጥና ብድር ይሁናችሁ፤ በወተት ትመልሻለሽ። ከጎጡ ሰው ያረጀች፣ መውለድ ያቆመች ላም ያለው ደግሞ ሥጋዋ ሳይረግፍ አሁኑኑ ይሽጣት። የሚበላው ለሚወልዱት ይተርፋል። ጡት የጣለ ጥጃ ካለም እንደዚያው።

መድኑን በተመለከተ፣ ቦረና ላይ በ2004 ዓ.ም. የተጀመረ አለ። እሱ ግን ለድርቅ ነው። የግጦሹን አረንጓዴነት በሳተላይት ለክቶ፣ ከተለመደው ሲያንስ ይከፍላል። ለጎርፍ የተሠራ ስላልሆነ እሱን ተስፋ አታድርጊ።

ሳምንት ጠብቁና መልስ ከሌለ ተመልሳችሁ ሂዱ። ሁለት ሦስት ሰው ሆናችሁ፣ ግልባጩን ይዛችሁ፣ ዞን የተላከበትን የደብዳቤ ቁጥር ጠይቁ። ቁጥር ካልተሰጣችሁ ገና አልወጣም ማለት ነው። ሐኪሟ ያለችውን የትል መድኃኒትም በዚያው አስታውሷቸው፤ እሱ ከመኖው ቀድሞ ሊደርስ ይችላል።