ኮንትራክተሩ 65 በመቶ ወስዷል፣ ቤቱ ገና ሶሌታ (የፎቁ ወለል አርማታ) ላይ ነው። ሌላ ሲጠይቀኝ ልስጠው?

የጓዳ መስኮት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው፣ ትንሽ ይረዝማል።

ጂ ፕላስ ዋን ቤት እያሠራሁ ነው። ማቴሪያሉም ጉልበቱም በኮንትራክተሩ ሆኖ በጥቅል ዋጋ ተዋዋልን። ውላችን ሁለት ገጽ ናት። ቢል ኦፍ ኳንቲቲ (የየሥራውን መጠንና ዋጋ ዝርዝር) አላሠራሁም፤ ወጪ ልቀንስ ብዬ ነበር። ሲጀምር 30 በመቶ ቅድመ ክፍያ ሰጠሁት። መሠረቱ ሲያልቅ 20 ሰጠሁ። የሶሌታው ፌሮ (የአርማታ ብረት) ሊገዛ ነው ሲለኝ ደግሞ 15። በድምሩ 65 በመቶ ሄዷል።

የተሠራው ይሄ ነው፦ መሠረቱ አልቋል፣ የታችኛው ኮለን (ምሰሶ) እና ብሎኬት ቆሟል፣ ሶሌታው ከተሞላ ዛሬ 9 ቀኑ ነው። የላይኛው ኮለን፣ ጣሪያ፣ ልስን፣ ኤሌክትሪክ፣ ሳኒታሪ (የውሃና የፍሳሽ መስመር)፣ በርና መስኮት፣ ሴራሚክ፣ ቀለም፣ አንዱም አልተነካም።

ሰሞኑን “15 በመቶ ካልጨመርሽልኝ ሠራተኛ መያዝ አልችልም” አለኝ። ሳይቱ ላይ ሦስት ሰው ብቻ ቀርቷል። ሶሌታውን ከታች የደገፈውን ፑንቴሎም ለሌላ ሥራ ስለሚፈልገው በዚህ ሳምንት ሊያነሳው ነው።

እውነቱን ለመናገር እኔም ነገር ቀያይሬያለሁ። የሳሎኑን መስኮት አስፍቻለሁ፤ ታች አንድ መታጠቢያ ቤት አስጨምሬያለሁ። ሁሉም በቃል ነው። “ኋላ እንተሳሰባለን” ተባብለን አለፍነው።

ልስጠው ወይስ ውሉን ላፍርሰው? በእጄ ያለው ገንዘብ ለፊኒሺንጉ የሚበቃ አልመስለኝ ብሎኛል። እንቅልፍ የለኝም።

ሁለተኛ ፎቅ፦

እህቴ፣ እንዳትሰጪው! እኔ ሰጥቻለሁ። ልክ እንዳንቺ ሶሌታ ላይ ቆሞ “ትንሽ ብትጨምርልኝ ጣሪያውን አሳይሃለሁ” አለኝ፣ ጨመርኩለት፣ ከዚያ በየሳምንቱ አንድ ምክንያት፣ አንዴ ሠራተኛ ታመመ፣ አንዴ መኪና ጠፋ፣ መጨረሻ ላይ ሳይቱን ባዶውን አገኘሁት። ሁለት ሌላ ሥራ ነበረው። የኔ ገንዘብ የነሱን ቀዳዳ ሲደፍን ነው የከረመው።

ከዚያ በኋላ ማቴሪያሉን ራሴ እየገዛሁ፣ ጉልበቱን በካሬና በኪዩብ ዋጋ እየተዋዋልኩ፣ አንድ ጎበዝ ፎርማን ቀጥሬ ጨረስኩት። ረከሰልኝ ማለት አልችልም። ግን ገንዘቤ የት እንደገባ አውቅ ነበር። ደብተር ያዝኩ፤ የገባው ይመዘገባል፣ የወጣው ይመዘገባል፣ የወሰደው ይፈርማል። ብሎኬቱ 40 በ20 ከሆነ ከነመጋጠሚያው ለአንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ 12 ተኩል ነው የሚገባው፤ ለስብራት ትንሽ ጨምረሽ ቀሪውን መጠየቅ ትችያለሽ። ፌሮም እንደዚያው። የውፍረቱን ሚሊ ሜትር በራሱ አባዢና ለ162 አካፍዪ፣ የአንድ ሜትሩ ክብደት በኪሎ ይወጣል። ባለ 12ቱ በሜትር 0.89 ኪሎ ገደማ ነው፣ ስለዚህ 12 ሜትር ርዝመት ያለው አንድ ዘንግ ወደ 10.7 ኪሎ ይመዝናል። መዝኜ በጣም የቀለለ አግኝቼ የመለስኩት ጭነት አለ።

አንድ ነገር ግን ልብ በዪ፤ ማቴሪያል ባንቺ ሲሆን ብክነቱም ያንቺ ነው። ፌራዮው (ብረት ሠራተኛው) ዘንጉን እንዳሻው ከቆረጠው የሚጣለው ቁርጥራጭ ካንቺ ኪስ ነው።

እኔ ብሆን ዛሬውኑ አሰናብተው ነበር።

ሳይት ላይ የዋለ፦

መሐንዲስ ነኝ፣ የሰው ቤት በመቆጣጠር ነው የምተዳደረው። በማሰናበቱ አልስማማም፣ ቢያንስ ዛሬ። መጀመሪያ ግን አስቸኳዩን ልበልሽ።

ፑንቴሎው አይነሳ። የአርማታ ጥንካሬ የሚለካው በ28ኛው ቀን ነው። በተለመደው ሲሚንቶ በ7ኛው ቀን ሁለት ሦስተኛው ገደማ ላይ ይደርሳል፣ ያውም በደንብ ውሃ ሲጠጣ። በ9 ቀን ድጋፉን ሁሉ ነቅሎ መውሰድ፣ በዚያ ላይ ሶሌታው ላይ ብሎኬት ተከምሮ ከሆነ፣ ስንጥቅና መጉበጥ መጥራት ነው። መቼና ከየት በኩል እንደሚነሳ የሚወስነው ስትራክቸሩን ያሰላው ሰው ነው። በጽሑፍ ይስጥሽ። ሠራተኛ ስለቀነሰ ደግሞ ውሃ የሚያጠጣ ሰው መኖሩን ራስሽ ሄደሽ እዪ።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ከነገርሽን ስገምት የተሠራው 40 በመቶ ገደማ ነው እንበል። 65 ከፍዬ የተሠራው 40 ነው፣ ስለዚህ 25 ተበላሁ ብለሽ አታስቢ። ቅድመ ክፍያ የሚሰጠው ላልተሠራ ሥራ ነው፤ ሥራው በገፋ ቁጥር እየተቀነሰ ይመለሳል። ሥራው 40 በመቶ ከደረሰ ከ30ው ቅድመ ክፍያ 12ቱ ተወራርዷል፣ 18ቱ ገና እሱ እጅ ነው። እንግዲህ በሥርዓት ቢሄድ እስከ አሁን ሊይዝ የሚገባው 40 እና 18፣ 58 ነው። መያዣ (ከየክፍያው ተቆርጦ እስከ መጨረሻ አንቺ ጋ የሚቆይ ገንዘብ) ቢኖራችሁ ኖሮ ከዚያም ትንሽ ይቀነስ ነበር። የሠራሽው ስህተት ቅድመ ክፍያ መስጠትሽ አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ያሉትን ሁለት ክፍያዎች ምንም ሳትቀንሺ መስጠትሽ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ለተሠራ ሥራ ሳይሆን “ሊገዛ ነው” ለተባለ ነገር ነው የወጣው።

ጥያቄው ያ 18 አሁን ምን ሆኗል ነው። ሳይት ላይ በማቴሪያል መልክ አለ? በባንክ ዋስትና ተይዟል? ወይስ ሌላ ቤት ሆኗል?

ስለዚህ ከሁለታችሁም ጋር ዝምድና የሌለው ኳንቲቲ ሰርቬየር (የተሠራውን ለክቶ የሚተምን ባለሙያ) ቅጠሪ። ሁለታችሁም ባላችሁበት ይለካ። አንቺ ያስጨመርሽውም ይለካ፤ እሱ ያንቺ ዕዳ ነው፣ አትካጂው። ሳይት ላይ ያለው ማቴሪያል ተቆጥሮ ይፈረምበት። ፎቶ አንሺ። ሳይለካ ብታሰናብቺው ነገ ማን ምን እንደሠራ የሚመሰክርልሽ ወረቀት የለም፤ አዲስ የሚገባውም ኮንትራክተር የሌላ ሰው ሥራ ኃላፊነት ላለመውሰድ ዋጋ ይቆልልብሻል።

አካፋና ወረቀት፦

እኔ በሌላው ወገን ነኝ፣ ቤት እሠራለሁ። የሱን ጠበቃ መሆኔ አይደለም፤ ፑንቴሎ በ9 ቀን አነሳለሁ የሚል ሰው ችኮላ ይዞታል፣ ያ መጥፎ ምልክት ነው። ግን ከኛ በኩል ያለውንም ስሙልኝ።

መስኮት ማስፋት ለባለቤቱ መስኮት ማስፋት ብቻ ነው። ለኔ ግን ከላዩ ያለው ቢም (አግዳሚው አርማታ) ይረዝማል፣ ፌሮው ይቀየራል፣ የታዘዘው ፍሬም ይመለሳል። መታጠቢያ ቤት መጨመር ደግሞ ይብሳል። የሽንት ቤቱ ቱቦ 110 ሚሊ ሜትር ነው፤ ወለሉ ከተሞላ በኋላ ከሆነ የታዘዝኩት፣ አርማታ ሰብሬ፣ ቱቦውን ቀብሬ፣ ተዳፋቱን ጠብቄ መልሼ እሞላለሁ። “ኋላ እንተሳሰባለን” የሚለው ቃል ብዙ ወዳጅ አጣልቷል። ለውጥ ሲመጣ ሥራው ሳይነካ ዋጋው ተጽፎ ይፈረም፤ ግማሽ ገጽ ይበቃል።

ሌላው ውሳኔ ማዘግየት ነው። ሴራሚኩ ካልተመረጠ የወለሉን ውፍረት አላውቅም፣ የወለሉን ውፍረት ካላወቅኩ በሩን መግጠም አልችልም፤ ሠራተኛው ግን ተቀምጦም ይበላል።

እና እህቴ፣ ገንዘቡን ሙሉ በሙሉ ብትዘጊው ሳይቱ ይሞታል። ብትከፍቺውም ይሄዳል። በትንንሹ ክፈዪ። አንድ ሥራ ተሠርቶ ተለክቶ፣ በዚያው ሳምንት የተወሰነ ድርሻ። እውነተኛ ሰው ከሆነ ይቀበላል። እምቢ ካለ ያኔ ታውቂዋለሽ።

የጓዳ መስኮት፦

ከ6 ቀን በኋላ ተመለስኩ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፣ ከልቤ ነው።

ተለካ። ከውሉ ሥራ 38 በመቶ ተሠርቷል። እኔ ያስጨመርኩት 4 ሆነ፤ ሲነግረኝ ከነበረው ያነሰ፣ እኔ ካሰብኩት ደግሞ የበዛ። እንግዲህ ከ65ቱ 42 ሲወጣ 23 እሱ ጋ ነው። ሳይት ላይ ተቆጥሮ የተገኘው ማቴሪያል 3 ብቻ ነው። ቁጥሩን ሰርቬየሩ ሲያነብለት ዝም አለ፣ ከዚያ ቀስ ብሎ የተወሰነው ሌላ ሥራ ላይ እንደገባ ተናገረ። ተናድጄ ነበር። ግን መናገሩ ራሱ አንድ ነገር ነው ብዬ ዋጥኩት።

ፑንቴሎው አልተነሳም። የስትራክቸሩ መሐንዲስ ቀኑን ጽፎ ሰጥቶኛል። ውሃውን ጠዋትና ማታ እኔው አጠጥቻለሁ።

ልቀጥል ነው፣ ግን በስንት ልክፈለው?

ሳይት ላይ የዋለ፦

ጥሩ ነው፣ አሁን የምንነጋገረው በቁጥር ነው። የቀረው የውሉ ሥራ 62 ነው። ያንቺ ጠቅላላ ዕዳ 100 ከነጭማሪው 104፣ ከፍለሻል 65፣ ቀሪው 39። 39ን ለ62 ስታካፍዪ 0.63 ገደማ ይመጣል። ማለት 10 በመቶ ሥራ ሠርቶ ሲለካ የምትከፍዪው 10 ሳይሆን 6.3 ነው። እሱ እጁ ላይ የቀረው ገንዘብ በዚህ መንገድ ቀስ በቀስ ይወራረዳል፤ ሥራውም ክፍያውም አንድ ላይ ያልቃል። ከያንዳንዱም ላይ 5 በመቶ መያዣ ቁረጪ፤ ርክክብ ተደርጎ የጉድለት ማረሚያው ጊዜ ሲያልፍ ትመልሽለታለሽ። አሁን ውላችሁ ውስጥ ስለሌለ ተጨማሪ ስምምነት ጽፋችሁ ሁለታችሁም መፈረም አለባችሁ።

ከዚህ ውጪ ከቀሪው ሥራ 10 በመቶ ያህል ለራስሽ መጠባበቂያ አስቀምጪ፣ ለሱም አትንገሪው። ፊኒሺንግ ብዙ ጊዜ ከስትራክቸሩ የማያንስ ገንዘብ ይበላል። የሴራሚኩን፣ የበሩንና የሳኒታሪ ዕቃውን ዓይነት ልስኑ ሳይጀመር መርጠሽ ጨርሺ።

የጓዳ መስኮት፦

ትናንት ፈረምን። 0.63ቷን ሲያይ ትንሽ አንገራገረ፣ ሰርቬየሩ ስሌቱን ወረቀት ላይ ሠርቶ ሲያሳየው ግን እሺ አለ። የመጀመሪያው ክፍያ የላይኛው ኮለን ተሞልቶ ሲለካ ነው። ፌሮው በመሐንዲሱ ሳይታይ አርማታ አይሞላም የሚለውንም አስገብቼዋለሁ። ዛሬ ስሄድ ሰባት ሠራተኛ አግኝቻለሁ።