ነፃ ገበያው ለኛ ደመወዝ ብቻ ነው እንዴ?

የቦርከና ልጅ፦
ሰላም ናችሁ? ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ስፌት ላይ ነበርኩ። ጦርነቱ መጣ፣ ወዲያው በ2014 አሜሪካ ከአጎዋ (ዕቃችን ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገባበት ዕድል) አስወጣችን፣ እኔም ሥራ ፈታሁ። ትናንት አጎቴ «መንግሥት እጁን ካላነሳ ሠራተኛ አያልፍለትም» ብሎ ድርቅ አለ። እኔ ግን አልገባኝም። ሼዱን የሠራው መንግሥት፣ መሬቱ የመንግሥት፣ ከቀረጥ ነፃውም የመንግሥት ነው፤ ለገበያ የተተወው የኛ ደመወዝ ብቻ! እናንተስ ምን ትላላችሁ?

ባለባጃጅ ከደሴ፦
በደመወዙ እውነትሽን ነው እህቴ። ዋጋ ሲቆረጥ የሚሆነውን ግን እኔን ጠይቂኝ። ቤንዚን ዋጋው የታወቀ ነው፣ ማደያው ደግሞ «የለም» ይላል፣ ትንሽ ራቅ ስትይ በሃይላንድ ተሞልቶ ባለጉዳዩ በፈለገው ዋጋ ይሸጥልሻል። እኔ በዚያ ገዝቼ በመንግሥት ታሪፍ ልጫን? ተሳፋሪውም የሚሰድበው እኔን ነው።

የድሮ ሰው፦
ልጆች፣ በደርግ ጊዜ አባቴ ተሁለደሬ ገበሬ ነበር። ለመንግሥት የሚያስረክበው የእህል ኮታ አለበት። ምርቱ ካነሰ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለእህል ገበያ ድርጅት በርካሽ ያስረክባል፤ ይህንን በዓይኔ አይቻለሁ። በ1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ (መንግሥትም ግለሰብም የሚሠራበት) ሲባል ነው ከኮታው የተገላገለው። እኔ ግን የተቀጠርኩት መንግሥት ፋብሪካ ነው፣ ዛሬም የምኖረው በዚያ ጡረታ ነው (አንድ ኩንታል ጤፍ ባይገዛም)። እና የትኛውን ልርገም?

ሕግ አዋቂ ነኝ ባይ፦
ነገሩን ከደመወዝ አታውጡት። የሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ቦርድ ይቋቋማል ይላል። ለግል ድርጅት ሠራተኛ ግን እስካሁን ወለል የለም። የሚገርመው፣ ግብር ላይ መንግሥት ጣልቃ ለመግባት አልሰነፈም፤ ከ600 ብር በላይ ካገኘሽ ይቆርጥብሽ ነበር፣ ወደ 2,000 ከፍ ያለው በ2017 ነው። ማለትም ደመወዝሽን ገበያው አሳነሰው፣ ካነሰው ላይ መንግሥት ወሰደ።

ባለባጃጅ ከደሴ፦
ወለል ከተቆረጠ ባለሀብቱ ጥሎ ቢሄድስ?

የቦርከና ልጅ፦
የኔው ቀጣሪ እኮ ወለል ሳይቆረጥበትም ሄዷል። አሁን ደሴ ሰው ቤት ዩኒፎርም እሰፋለሁ፣ ክፍያው በፍሬ ነው። መብራት የጠፋ ቀን ዜሮ።