«ዲስትሮት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል መድረሻውን ከየት አገኘ?

ጠያቂ፦
ጤና ይስጥልኝ። ቱሉ ዲምቱ አካባቢ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። አንዲት ተማሪዬ፣ ኀዘንና ጭንቀት ያናወዘውን ሰው የሚገልጸው «ዲስትሮት» (distraught) ሐሳቡ የተበተነ ከሚለው «ዲስትራክትድ» (distracted) ጋር ምንጩ አንድ ከሆነ፣ መድረሻው ስለምን እንደ «ኮት» (caught) እና «ቶት» (taught) ሆነ ስትል ጠየቀችኝ። መዝገበ ቃላቱ «ከላቲን» ብሎ ያልፋል፤ የላቲኑ ቃል ግን እንዲህ ያለ መድረሻ የለውም። የምታውቁ ብታብራሩልኝ ክፍሉ በሙሉ ይጠቀማል።

መላሽ፣ ከሰበታ፦
መምህር፣ ተማሪዎ የነካችው ዋናውን ነጥብ ነው። በላቲን «ትራሄሬ» መጎተት ማለት ሲሆን፣ መለያየትን የሚያመለክተው «ዲስ» ሲቀድመው ወዲያና ወዲህ መጎተት ይሆናል፤ «ዲስትራክቱስ» የተባለውም እንዲህ የተጎተተው ነው። (ከሰፈርዎ ዳር ማሳ የሚያርሰው ትራክተርና በየቀኑ የምንዋዋለው ኮንትራትም የዚሁ ግሥ ልጆች ናቸው።) እንግሊዝኛ ቃሉን በ14ኛው ክፍለ ዘመን ሲወስድ መጀመሪያ «ዲስትራክት» ብሎ፣ ምንም ሳይጨምርበት፣ በተደራጊ ቅጽልነት ይጠቀምበት ነበር። በዚያው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ ግን ተናጋሪዎቹ የባዕዱን መድረሻ በለመዱት የአገራቸው ቃል አምሳል ለወጡት። አርአያ የሆናቸው «ስትሬች»፣ ማለትም መዘርጋት፣ የሚለው ግሥ የነበረው የጥንት ቅጽል «ስትራውኽት» ነው፤ ዛሬ ቀጥ ያለውን የምንጠራበት «ስትሬት» የዚያው ቅጽል ቅሪት ነው። በእነዚህ ቃላት ውስጥ ተጽፈው አሁን የማይነበቡት «ጂ» እና «ኤች» (gh) ያኔ እንደ «ኽ» ይነበቡ ስለነበር፣ «ክት» ወደ «ኽት» መለወጡ ለጆሮ ሩቅ አልነበረም። ድምፁ ጠፍቶ ጽሕፈቱ መቅረቱ ለእኛም እንግዳ አይደለም፤ በግእዝ የራሱ ድምፅ የነበረው «ኀ» በአማርኛ ከ«ሀ» ጋር አንድ ሆኖ ይነበባል።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ታዲያ «ዲስትራክትድ» ከመጣ በኋላ አሮጌው ለምን አልጠፋም?

ሌላ መላሽ፣ ከሱሉልታ፦
ሥራ ተከፋፍለው ነው። «ዲስትራክትድ» በመደበኛው መድረሻ ስለተሠራ የግሡን አገልግሎት ሁሉ ያዘ፤ «ዲስትሮት» ግን ከግሡ ተለይቶ ቅጽል ብቻ ሆኖ፣ ብርቱውን የአእምሮ መናወጥ ይዞ ቀረ። ለተማሪዎቹ በቅርብ ምሳሌ ማስረዳት ይቻላል፦ «ቅዱስ» የግእዙን መልክ እንደያዘ ቅጽል ሆኖ ይኖራል፣ አማርኛው ደግሞ ከግሡ «የተቀደሰ» የሚለውን ያወጣል፤ ሁለቱም በየቦታቸው ያገለግላሉ። በዚህም ምክንያት «ጫጫታው ሐሳቤን በተነው» ለማለት «ዲስትሮት»ን በግሥነት የጻፈ ተማሪ መታረም ይኖርበታል።