ዶክሲሳይክሊን ሳልጨምር ሴሎቼ ለምን ያበራሉ?

የቂሊንጦዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ለማስተርስ ጥናቴ ቴት-ኦን የሚባለውን የጂን ማብሪያ በሌንቲቫይረስ (ጂን ወደ ሴል በሚያስገባ ቫይረስ) አድርጌ ሄክ 293ቲ በሚባሉ የሰው ሴሎች ውስጥ አስገብቻለሁ። ጂ.ኤፍ.ፒ. የተባለው አረንጓዴ ፕሮቲን መመረት ያለበት ዶክሲሳይክሊን የተባለው መድኃኒት ሲጨመር ብቻ ነው። እኔ ጋ ግን መድኃኒቱ ያልነካው የሴል ሳህንም (ፕሌትም) ያበራል። ሲጨመርበት ይደምቃል፣ ልዩነቱ ግን ትንሽ ነው። ላቦራቶሪያችን ከተማ ዳር ስለሆነ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋል። ቫይረሱ ተበላሽቶ ይሆን? እባካችሁ እርዱኝ፣ አማካሪዬ ውጤት እየጠበቁ ነው።

የሰበታው፦ አይዞሽ እህቴ። መብራቱን ተይው። ቫይረስ ቀልጦ እንደገና ሲቀዘቅዝ ይዳከማል። ያኔ የሚያበሩት ሴሎች ያንሳሉ እንጂ ያለ መድኃኒት አይበሩም። ቫይረስ ያልገባባቸውን ሴሎች በዚያው ማይክሮስኮፕ፣ ቅንብሩን ሳትነኪ አይተሻል?

የቂሊንጦዋ፦ አዎ፣ ድቅድቅ ጨለማ ናቸው።

የለገጣፎው ሽማግሌ፦ እንግዲያው ሴሎቹን የምታሳድጊበትን ሴረም (የደም ውሃ) ጠርጥሪ፣ ልጄ። ዶክሲሳይክሊን ከቴትራሳይክሊን ቤተሰብ ነው። ሴረሙ ደግሞ ከከብት ነው የሚመጣው። ኦክሲቴትራሳይክሊን መርፌን እኮ በእኛ አገር ከብት አርቢው ሁሉ በስሙ ያውቀዋል፤ ሌላውም አገር ለከብት ይሰጣል። ቅሪቱ ሴረሙ ውስጥ ካለ ማብሪያውን ይነካካዋል። ጠርሙሱ ላይ «ከቴትራሳይክሊን ነፃ» የሚል ከሌለ ነፃ የሆነውን ፈልጊና ሁለቱን ጎን ለጎን ሞክሪ። በማግስቱ ካልጠፋ ግን ተስፋ አትቁረጪ። ጂ.ኤፍ.ፒ. ቶሎ አይፈርስም፣ ግማሹ እስኪጠፋ ብቻ 26 ሰዓት ገደማ ይወስዳል።

የሱሉልታዋ፦ ጋሼ ያሉት ልክ ነው፣ እኔ ግን ሴረሙ ብቻ አይመስለኝም። ቫይረሱ አልበዛም? ሌንቲቫይረስ ጂኑን ክሮሞዞም ላይ ይሰካዋል፣ ያውም ብዙ ጊዜ ሥራ ላይ ካሉ ጂኖች ሰፈር። በአንድ ሴል ብዙ ቅጂ ከገባ እያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ቢያፈስ እንኳ ድምሩ ይታያል። ከሴሎቹ 25 በመቶ ያህሉን ብቻ እስኪይዝ ድረስ ቫይረሱን አቅጥኚው። ያኔ አብዛኞቹ አንድ ቅጂ ብቻ ይይዛሉ። ለነገሩ ዶክሲሳይክሊኑን ከየት ነው ያመጣሽው? ከፋርማሲ የተገዛ ካፕሱል ከሆነ ተይው። ሌላ ዱቄት ስለሚቀላቀልበት መጠኑን በትክክል መመዘን አይቻልም።

የቂሊንጦዋ፦ ንጹሑ ዱቄት ነው። ቫይረሱን ግን አብዝቼ ነው የጨመርኩት፣ ሁሉም ሴል እንዲያበራ ፈልጌ። ነገ አቅጥኜ እጀምራለሁ። ነፃው ሴረም እስኪመጣ ግን ወራት ይፈጃል። ጥቂት የሚያካፍለኝ ይኖር ይሆን?

የሰበታው፦ እኛ ጋ የተከፈተ ጠርሙስ አለ። ለሙከራ 50 ሚሊ ሊትር ይበቃሻል። በረዶ ያለበት ሣጥን ይዘሽ ነይ፣ በውስጥ መስመር ጻፊልኝ።