ሁለት ጊዜ ታክሜ ያልለቀቀኝ ጨብጥ፦ ምን ላድርግ?
ጤና ይስጥልኝ። የአባላዘር በሽታ የምታክሙ ወይም ላብራቶሪ ውስጥ የምትሠሩ ባለሙያዎች መንገዱን እንድታሳዩኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ከአምስት ሳምንት በፊት ሽንቴን ሲያቃጥለኝና ጠዋት ጠዋት የውስጥ ልብሴ ላይ ቢጫ መግል ሳይ፣ ሐኪም ዘንድ መሄድ አሳፍሮኝ ከመድኃኒት ቤት ያለ ማዘዣ ሲፕሮፍሎክሳሲን ገዝቼ ዋጥሁ፤ የጨብጥ ባክቴሪያ ይህን መድኃኒት በብዙ አገሮች ከተላመደው ዓመታት እንዳለፉ ያነበብሁት ዘግይቼ ነው። መግሉ ስላልቆመ አንድ ክሊኒክ ሄጄ ሴፍትሪያክሶን ተወጋሁ። በሁለት ቀን ደረቀ፣ በ12ኛው ቀን ግን ተመለሰ። በመካከሉ ከባለቤቴ ጋር ተገናኝተናል፤ እሷ ደግሞ አልታከመችም (ልነግራት የደፈርሁት ባለፈው ሰኞ ነው)። ስለዚህ ዳግም ተይዤ ይሁን፣ አብሮ የነበረ ክላሚዲያ (ሌላ የአባላዘር በሽታ) ይሁን፣ ወይስ በእርግጥ መድኃኒት የተላመደ ጨብጥ፣ መለየት አልቻልሁም። ክሊኒኩ ናሙና ሳይወስድ ሌላ ክኒን ሊያዝልኝ ነው። ካልቸር ሠርቶ (ባክቴሪያውን ከናሙናው አሳድጎ) የትኛው መድኃኒት ባክቴሪያውን እንደሚያጠፋው የሚመረምር ላብራቶሪ አዲስ አበባ ውስጥ የት አገኛለሁ? ክኒኑን ከናሙናው በፊት ብጀምር ውጤቱን ያበላሻል? ባለቤቴስ ምልክት ባይኖራትም አሁኑኑ ትታከም?